ገበቴ ላይ የተረፈችው ድንጋይ

በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ አንዲት ጥቁር ድንጋይ ተቀምጣለች። እንደ ዳቦ ልብ ቀዳዳ ቀዳዳ አላት፤ ሲያነሷት ከመልኳ ይልቅ ትቀላለች። ያስቀመጧት ቲቸር ትርንጎ ናቸው፤ ለቀዶ ሕክምና ወደ ባሕር ዳር የሄዱ ዕለት። "ስመለስ አነሳታለሁ" አሉኝና የእጅ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ።

ሰው ሲርቅ ወሬ ይቀርባል። ብዙም ሳይቆይ አንዱ የሥራ ባልደረባችን ሻዩን እያማሰለ፣ "ምን የመሰለች ሴት ነበረች!" አለ።

"ማን ነገረህ?" አልኩት።

"ሰዎች ሲሉ ነዋ።"

"የትኞቹ ሰዎች?"

"እንጃ፤ ቀዶ ጥገናውን አልቻለችውም ሲባል ሰማሁ።"

የእኛ ከተማ እንዲህ ናት፤ ሰው ሳይሞት ድንኳን ትተክላለች። የቲቸር ትርንጎ ስልክ ግን እውነትም ዝግ ነበር። ምክትል ርእሰ መምህራችን የእሳቸውን ክፍለ ጊዜ ለሌሎች ማከፋፈል ጀመረ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጠረጴዛውን ስትወለውል ድንጋይዋን በመስኮት ልትወረውር አንስታ ነበር፤ "ተይ!" ብዬ ስጮህባት ደንግጣ መለሰቻት። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ለሙት ዓመት መታሰቢያ አይደለም የምጽፈው። በሕይወት አሉ ብዬ ነው፤ ዝም ካልኩ የ"ነበረች" ባዮቹ ወሬ ሊያሸንፈኝ ሆነ።

ቲቸር ትርንጎ ጂኦግራፊ ያስተምራሉ፤ እኔ ሂሳብ። አጭር ናቸው። ክረምት ከበጋ የማይለወጥ የወንድ ሹራብ ይለብሳሉ፤ ጠመኔ ከጆሯቸው ኋላ ይሰካሉ። የጠመኔ ቁራጭ መጣል በእሳቸው ዘንድ እህል መድፋት ነው፤ እኔ የጣልኩትን ለቅመው ሲያስተምሩበት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። "የሂሳብ ሰው ሆነህ ቁጠባ አታውቅ፣ አንተ ሰነፍ!" ይሉኛል። እሳቸው እኔን ሰነፍ ማለት ይወዳሉ፤ እኔም በእሳቸው አፍ መሰደብ እወዳለሁ።

ክፍል ሲገቡ ስም አይጠሩም። በየወንበሩ መሃል እየዞሩ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ። "እናትሽ ተሻላት?" "ጫማህን ማን ሰፋልህ?" "ትናንት ለምን አኩርፈህ ወጣህ?" አንድ ዙር ሲጨርሱ ማን እንደቀረ አውቀዋል። አንድ ቀን፣ "ስም ቢጠሩ እኮ ቶሎ ያልቅልዎታል" አልኳቸው።

"አቤት ያለ ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው እንዴ?" አሉኝ። የእሳቸው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ጉዞ የተጀመረው በቀይ ጠመኔ ነው። በየዓመቱ የእሳተ ገሞራ ትምህርት ሲደርስ ቲቸር ትርንጎ ጫፉ የተቆረጠ ተራራ ሰሌዳው ላይ ይስሉና አፉን በቀይ ይቀቡታል። ክሬተር ይሉታል። አንድ ጊዜ ይህንኑ ሲያስተምሩ ማሬ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች። ማሬ ከጋዝጊብላ መጥታ፣ ሰቆጣ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ድምፅዋ እምብዛም የማይሰማ ልጅ ናት።

"ቲቸር፣ እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?"

"ምኑን?"

"ክሬተሩን።"

ቲቸር ትርንጎ ጠመኔውን ጆሯቸው ኋላ መልሰው ሰኩ። "አላየሁም" አሉ። "በመጽሐፍ ነው የማውቀው።"

"እኛ አገር አለ እኮ። ገበቴ ነው የምንለው። ተራራው ላይ ወጥተው ሲያዩት መሃሉ ጎድጉዶ ልክ ገበቴ ነው። ከብት ይሰማራበታል።"

ክፍሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። በእረፍት ሰዓት ወደ መምህራን ክፍል ሲገቡ ፊታቸው በርቶ ነበር። "አዳነ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን አፍንጫዬ ሥር ያለውን ተራራ በጠመኔ ስስል ኖርኩ! ልጆቹን ይዘን እንወጣለን። በአንድ ቀን ደርሰን እንመለሳለን።" እኔም እንደምወጣ የገባኝ ቆየት ብሎ ነው። የትምህርት ቢሮው በጀት የለም ሲላቸው እንኳ አልተከፉም። "በጀት የለም አሉ እንጂ ተራራ የለም አላሉም" ብለው ሹራባቸውን ሰበሰቡና ሥራ ጀመሩ።

በሕይወቴ ብዙ ዕቅድ አይቻለሁ፤ ገንዘብ የሚባል ነገር ዝር እንዳይልበት ተደርጎ የታቀደ ግን ያን ብቻ ነው ያየሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ፍየል ሊጭን በጠዋት ባዶውን ወደ ጋዝጊብላ የሚሄድ አይሱዙ አለ። ሾፌሩን ቤቱ ድረስ ሄደው ያዙት፤ እኔን አስከትለው።

"ባዶ መኪና በዚያ መንገድ ላይ ይዘላል አይደል?" አሉት።

"ይዘላል እንጂ፣ እትዬ።"

"ወገብህንም ያምሃል።"

"ያመኛል።"

"እንግዲያው ልጆች ጫንበትና ይረጋልሃል።"

ሾፌሩ ሳቀ። "ሲመለስሳ? ሲመለስ ፍየል ነው የምጭነው።"

"ከፍየሎቹ ጋር እንሳፈራለን። ፍየል አይናከስ።"

"ይሁን። ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ መንገዱ ዳር ካላገኘኋችሁ ጥያችሁ ነው የምሄደው። በጨለማ አልነዳም።"

"እንገኛለን" አሉ፤ ጨርሰው።

ምሳውም እንዲሁ ተፈታ። ሁሉም ከቤቱ ያለውን ይዞ ይምጣ፤ የሚገዛ ነገር የለም፤ የመጣው ሁሉ በእሳቸው ጋቢ ላይ አንድ ላይ ይፈሳል። ቆሎ ከበሶ፣ ዳቦ ከሽንብራ ተደባልቆ ሲታየኝ አልጣመኝም። "እያንዳንዱ የራሱን ቢበላ ምን አለበት?" አልኩ።

"ምንም ሳይዝ የሚመጣ ልጅ አለ፣ አዳነ። አንድ ላይ ከፈሰሰ ማን ያውቅበታል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማህም?"

የከበደው ወላጆችን ማሳመን ነበር። ባለፉት ዓመታት ያየነውን አይተናል፤ ወላጅ ልጁን ከደጅ ማሳለፍ ፈርቷል። በዚያ ላይ ደላላ አለ። ትምህርት ቤት ብሎ ወጥቶ ከጅቡቲ የደወለ ልጅ በየሰፈሩ አለ፤ ያልደወለም አለ። የማሬ እናት ለልጃቸው የሳምንት ስንቅ ይዘው የመጡበት ቀን ስለነበር የወላጆች ስብሰባው ላይ ተገኙ። ትልቋ ልጃቸው ጓደኞቼ ጋ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጥታ በዚያው የቀረች ናት።

"ቲቸር፣ እርስዎን አልጠረጠርኩም" አሉ መቀነታቸውን እያጠበቁ። "ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ልጆች በተሰበሰቡበት ደላላ አይጠፋም። እኔ አንዷን ሰጥቻለሁ። ይችኛዋም ከሄደችብኝ ምን ይዤ እኖራለሁ?"

ቲቸር ትርንጎ ከተቀመጡበት ተነስተው ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ። "እሷ ሳትመለስ እኔ አልመለስም" አሏቸው። ከዚያ ቀና ብለው ሁሉንም አዩ። "አንድ ልጅ ተራራው ላይ ቀርቶ እኔ ሰቆጣ አልገባም። ይኸው በእናንተ ፊት።"

ይህን ጊዜ መሪጌታ የሆኑ አንድ አባት ተነሱ። "ይሂዱ" አሉ። "ግን አደራ፣ ልጆቻችንን አትቁጠሩብን። ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ የደረሰውን ታውቃላችሁ። የተቆጠረ ልጅ አይበረክትም።"

"እውነት ነው" አለ ጉባኤው።

"አንቆጥርም" አሉ ቲቸር ትርንጎ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ፤ የሂሳብ መምህር ስለሆንኩ መሰለኝ። እኔም አልቆጥርም ብዬ ማልኩ።

ስም በመጥራት እንወጣዋለን ብዬ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙው ላይ የወጣውን ሕዝብ ሳይ ግን ተስፋ ቆረጥኩ። በነጻ ነው የተባለ ነገር ዘመድ አያጣም። ታናናሽ ወንድሞች፣ የአክስት ልጆች፣ ከሌላ ክፍል የመጡ፣ "እኔም ጂኦግራፊ እወዳለሁ" የሚል የጎረቤት ልጅ፣ ማን እንዳመጣቸው የማይታወቁ ዝም ያሉ ልጆች። "ያልተጠራ ይውረድ" አልኩ።

"እሺ፣ ምረጥና አውርድ" አሉኝ ቲቸር ትርንጎ። ፊታቸውን ሳይ አንዱንም መምረጥ አቃተኝ። ከመኪናው ወርደን ዳገቱን ስንጀምር ደግሞ ከየመንደሩ ሌሎች ተቀላቀሉን። ጣቶቼ ኪሴ ውስጥ ሆነው ይበሉኝ ጀመር። ሂሳብ ለሚያስተምር ሰው እንዲያ ያለ ሕዝብ ሳይቆጥሩ መከተል ጾም ከመዋል ይብሳል።

የታጨደውን የገብስ ማሳ ጨርሰን የአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ስንገባ ትንፋሼ አለቀ። ልጆቹ በኮንጎ ጫማቸው ይዘላሉ፤ ቲቸር ትርንጎ በአሮጌ ጃንጥላ እየተመረኮዙ ከፊት ናቸው። "አገር በእግር ነው የሚነበብ! አንብብ እንጂ፣ አንተ ሰነፍ!" እያሉ ከላይ ይጮሁብኛል።

ከዚያ በድንገት መሬቱ አለቀ። ጠርዙ ላይ ቆምን። ከሥራችን እውነተኛ ገበቴ ነበር፤ ክብ፣ ሰፊ፣ ወለሉ ሣር የለበሰ፣ መሃሉ ላይ ጥቂት ውሃ የቋጠረ። ከብቶቹ ከላይ ሲያዩዋቸው ባቄላ ያክላሉ። ቲቸር ትርንጎ ጠመኔውን ከጆሯቸው ኋላ አወጡና ትንሽ አዩት።

"አረንጓዴ ነው" አሉ። "እኔ በቀይ ስቀባው ኖርኩ።" ከዚያ ዓመት ወዲህ ክሬተርን የሚስሉት በአረንጓዴ ጠመኔ ነው፤ መጽሐፉ የፈለገውን ይበል።

ወደ ውስጥ ከመውረዳችን በፊት መሐላቸውን አስታወሱ። ቁልቁል የሚወስደው መንገድ አፍ ላይ ጠፍጣፋ አለት አለ። "ሁላችሁም አንዳንድ ድንጋይ አንሱ" አሉ። "እዚህ ላይ አስቀምጡና ውረዱ። ስትወጡ አንዳንድ ታነሳላችሁ። ድንጋዩ ካለቀ ሁላችንም አለን። ድንጋይ ከተረፈ ሰው ቀርቷል። ቆጠራ የለበትም፤ መሪጌታም አይቀየሙን።" ሳይቆጥሩ መቁጠር ማለት ይኼ ነው። በምቀኝነት እያየሁ የራሴን አስቀመጥኩ።

ታች ያሳለፍነውን ሰዓት ብዙ አልተርክም። ጋቢው ተዘረጋ፤ ሁሉም ያለውን አፈሰሰ፤ ቆሎና በሶና ዳቦው ተደበላልቆ ከየትኛውም ድግስ የበለጠ ጣፈጠኝ። ባዶ እጁን የመጣ ካለ እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ቲቸር ትርንጎ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ እያዞሩ አሳዩ። "ይኼ ድንጋይ አንድ ዘመን እንደ ወጥ ሲፈላ ነበር" አሉ። አንዱ ልጅ ድንጋዩን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። ሳቅን። ጥሩ ቀን ነበር።

ተመልሰን ጠርዙ ላይ ስንወጣ እያንዳንዱ አንዳንድ ድንጋይ አነሳ። እኔ አነሳሁ፤ ቲቸር ትርንጎም አነሱ። አለቱ ላይ አንዲት ድንጋይ ቀረች።

ሁሉም ሰው አንድ ላይ ያሰበው ስለ ማሬ ነው። "ማሬ!" ብዬ ጮህኩ። "አቤት!" አለች ከአጠገቤ። ተመስገን አልኩ። ከዚያ ሁሉም በየፊናው ጓደኛውን፣ ወንድሙን፣ የቤት ተጋሪውን መፈለግ ያዘ። ተገኙ። የጎደለው ሰው ያለ ልጅ አልነበረም።

"እንግዲህ ሁሉም አለ" አልኩ። "አንዱ በስሕተት ሁለት አስቀምጦ ይሆናል።"

ቲቸር ትርንጎ ወደ ልጆቹ ዞሩ። "ሁለት ያስቀመጠ አለ? አልቆጣም።" ደጋግመው ጠየቁ፤ ለምነው ጠየቁ፤ የለም።

ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ከበስተጀርባችን ጉም እየመጣ ነው። ሾፌሩ እንደማይጠብቀን አውቃለሁ። "ቲቸር፣ እንውረድ" አልኩ። "እያንዳንዱ ጓደኛውን አግኝቷል እኮ።"

"ጓደኛ የሌለውንስ ማን ይፈልገዋል?" አሉኝ።

ድምፃቸው እንደዚያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። አለቱ ላይ ድንጋይዋን ተጠግተው ተቀመጡ። "እኛ ቤት ብዙ ልጆች ነበርን" አሉ፤ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። "ለንግሥ ሄደን ሲመለሱ ጥለውኝ ሄዱ። ሁሉም ከሌላው ጋር ያለሁ መስሎት። ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ፣ አሁን ይመጣሉ፣ አሁን ይመጣሉ እላለሁ። ራት ሲቀርብ ነው የታወቀው። ያልበላ ሰው ሲፈለግ።" ከዚያ ቀና አሉ። "አንተ ልጆቹን ይዘህ ውረድ። እኔ ይቺ ድንጋይ ሳትነሳ አልወርድም።"

ማን ይወርዳል? እኔ ራሴ አልወረድኩም። ልጆቹ ጠርዙ ላይ ተሰልፈው ወደ ውስጥ መጣራት ጀመሩ። ግን ምን ብለው ይጥሩ? ስሙን የሚያውቅ የለም። ወንድ ይሁን ሴት የሚያውቅ የለም። መጨረሻ ላይ ማሬ ያን ድምፅ የሌለው ጉሮሮዋን ከፍታ "ማነህ! ማነሽ! ናና ድንጋይህን አንሳ!" አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ተራራው መልሶ ጮኸብን እንጂ ማንም አልመጣም። እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ። በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን፣ መኖሩንም የማላውቀውን ልጅ ናፈቅሁ። ጠዋት መኪናው ላይ ካየኋቸው ዝም ያሉ ልጆች አንዱ ይሆን እያልኩ ፊቶቹን ለማስታወስ ታገልኩ፤ አልመጡልኝም።

"መልሳችሁ አስቀምጡ" አሉ ቲቸር ትርንጎ። "እንደገና እንሞክር።" ሁላችንም ድንጋያችንን መልሰን አለቱ ላይ ከመርን። ትልልቆቹ ልጆች ከእኔ ጋር ቁልቁል ወርደው ቁጥቋጦውን እንዲፈትሹ ተባለ። ልንነሳ ስንል ከማዶው ተዳፋት አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። አህያዋ ዱቄት ተጭናለች፤ ከወፍጮ መመለሳቸው ነው። አጠገባችን ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኛን ሰላም ያሉን መስሎን ጎንበስ አልን። እሳቸው ግን እኛን አልነበረም የሚያዩት። ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አነሱ፤ ሳሙት፤ ክምራችን ላይ አኖሩት፤ አማተቡ።

"አባቴ" አሉ ቲቸር ትርንጎ በቀስታ፣ "ቅድምም በዚህ አልፈው ነበር?"

ሽማግሌው አማርኛው ብዙም አልቀናቸውም። በኽምጣንጋ ሲመልሱ ማሬ ተቀብላ ነገረችን። "ወፍጮ ስወርድም አልፌያለሁ፤ ያን ጊዜም አንድ አኑሬያለሁ፤ ደብሩ ከዚህ ይታያል፤ መሳለሚያ ይገባዋል እያልን ስንት ዘመን ኖርን፤ ማን ሠራው? እግዜር ይስጠው፤ ነው የሚሉት" አለች። ሽማግሌው በአለንጋቸው ወደ ማዶ ጠቆሙ። ዞረን አየን። በሸንተረሩ ላይ፣ በጉሙ መሃል፣ የደብሩ ዛፎች ጠቆር ብለው ይታያሉ። ቀኑን ሙሉ ሁላችንም ወደ ጉድጓዱ ስናይ ጀርባችንን ለደብሩ ሰጥተን ውለናል። ባገራችን ደግሞ ደብር በሚታይበት ቦታ የድንጋይ ክምር ያየ መንገደኛ አንድ ሳይጨምርበት አያልፍም፤ እኔም ራሴ ሳልጨምር አልፌ አላውቅም። ይህን ሁላችንም እያወቅን ማናችንም አላሰብነውም።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ተራራው ሁሉ ሳቀ። ቲቸር ትርንጎ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሲስቁ፣ ሲያለቅሱ፣ ሲስቁ፣ መጨረሻ ላይ ሄደው የሽማግሌውን እጅ ሳሙ። ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ነገሩ ሲተረጎምላቸው ደነገጡ። "የኔን ላንሳው?" አሉ በአማርኛ።

"ኧረ አይንኩት!" አሉ ቲቸር ትርንጎ። ወደ ልጆቹ ዞረው ጮሁ። "እናንተ የየራሳችሁን አንሱ!" አነሳን። ሁለት ድንጋይ ቀረ፤ ሁለቱም የሽማግሌው። እንዲያ ቀልሎኝ አያውቅም። "አሁን ለአባባ ሌላ ድንጋይ አምጥታችሁ አኑሩላቸው፤ መሳለሚያው ብቻውን አይሁን" አሉ ቲቸር ትርንጎ። "የራሳችሁን ግን ይዛችሁ ትወርዳላችሁ። ቤታችሁ ገብታችሁ እናታችሁ እጅ ላይ ታኖሩታላችሁ።"

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድነው። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት መንገዱ ዳር ደረስን። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ፣ ፍየሎቹን ጭኖ፣ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ያልሄደው ከመኪናው ፊት አንዲት ሴት መንገድ ዘግተው ስለቆሙ ነው፤ ከመንደራቸው የመጡት የማሬ እናት። "እነሱ ሳይመጡ በላዬ ላይ ሂድ ብለውኝ እኮ ነው" አለን ሾፌሩ፤ ቆጣ ለማለት ሞክሮ አልሆነለትም። ማሬ ሮጣ ሄዳ ድንጋይዋን እናቷ እጅ ላይ አኖረች።

"ምንድን ነው?" አሉ እናቷ።

"ተመለስኩ ማለት ነው" አለች።

እናትየው ድንጋዩን አላዩትም፤ ልጃቸውን ነው ያዩት። ቲቸር ትርንጎ በሩቁ ቆመው ነበር፤ ሹራባቸውን ሰብስበው ዘወር አሉ። ወደ ሰቆጣ የተመለስነው ከፍየሎች ጋር ተጋፍተን ነው፤ ሱሪዬን የበላችውን ፍየል እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ያቺ ነገር በዚያው ቀረች ብዬ ነበር። አልቀረችም። ከልጆቹ አንዱ አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ሄዶ የደረሰ ዕለት ለቲቸር ትርንጎ ደወለ። "ቲቸር፣ ድንጋዬን አንስቻለሁ" አላቸው። ሌላም ደወለ። ለሥራ ዐረብ አገር የሄደች ደወለች። ማሬ የነርስነት ትምህርት ልትጀምር ደሴ ስትገባ ደወለች። ቲቸር ትርንጎ በትምህርት ሰዓት ስልክ አያነሱም ነበር፤ ለዚህ ብቻ ያነሳሉ። ሰሌዳው ፊት ቆመው "ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ!" ሲሉ ከጎን ያለው ክፍል ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ያልደወለም አለ። አንድ ልጅ በእግሩ ለስደት ወጥቶ ድምፁ ጠፋ። ለእሱ ቤታቸው መስኮት ላይ ድንጋይ አኑረውለታል፤ ሰው ቤታቸው ሲሄድ ያያታል፤ ማንም ግን ስለእሷ አይጠይቃቸውም።

እንግዲህ አሁን የራሳቸው ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ናት፤ ስልካቸውም ዝግ ነው። ያን ቀን አለቱ ላይ እንዴት እንደተቀመጡ አሁን ገባኝ። ስልኬን በእጄ ይዤ አስተምራለሁ፤ ልጆቹ ይታዘቡኛል፤ ይታዘቡኝ። "ነበረች" ያለው ባልደረባዬን ለቀናት ሰላም አላልኩትም።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አድርሼ ነበር ያቆምኩት። ዛሬ ረፋድ ላይ ግን በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። የሴት ድምፅ ነው።

"አዳነ የሚባሉት መምህር ነዎት? የትርንጎ የእህት ልጅ ነኝ፤ ከባሕር ዳር።"

"አቤት" አልኩ።

"አክስቴ ደህና ናት። ሐኪሙ አሁን አያሰጋም ብሏል። ስልኳ ተበላሽቶ ነው እስካሁን ያልደወልን። ድምፅዋ ገና ስለሆነ እኔ እንድነግርዎት ብላ ነው። ሌላም መልእክት አላት፤ የሕመም መድኃኒቱ እያስቀባጠራት እንደሆነ እንጃ። 'ድንጋዬን ማንም እንዳይነካት፤ መጥቼ ራሴ ነኝ የማነሳት፤ ለዚያ ሰነፍ ንገሪው' ነው የምትል። ይገባዎታል?"

"ይገባኛል፣ እህቴ" አልኩ። "ይገባኛል።" የመምህራን ክፍል መሃል ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ምክትሉ ደንግጦ ወንበር አቀረበልኝ፤ መርዶ መስሎት። "ክፍለ ጊዜያቸውን መልስ" አልኩት።

ድንጋይዋ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ናት። ጠዋት ጠዋት አቧራዋን እጠርግላታለሁ፤ ሳላነሳት።